ዱካ የረገጠ እግር

ፋግኒ የነብር ዱካ ላይ የሰው እግር ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ጎንበስ ብላ ደግማ አየችው። አልተሳሳተችም።

ቦታው ከመንደሯ ወደ ጫካው በሚያስገባው የጋሪ መንገድ ላይ ነው። ሃያ እርምጃ በሚሆን ርዝመት ድንጋዩ ተለቅሞ፣ አፈሩ እንደ ተነፋ ዱቄት ደቅቆ ተዘርግቷል። ፋግኒ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በቅጠል መጥረጊያ ትደለድለዋለች፤ ሲነጋ መጥታ ታነበዋለች። ማን አለፈ፣ ስንት ሆኖ፣ ወዴት፣ ጠግቦ ነው ወይስ ርቦት። ሥራዋ ይኸው ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታዋለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ አቧራ በማንበብ ግን በማይካል ተራሮች የሚያህላት የለም። ከከተማ የሚመጡት ባለሙያዎች ካሜራቸውን ዛፍ ላይ አስረው ሳምንት ሲጠብቁ፣ እሷ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ነግራቸው ጨርሳለች። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል።

ዱካው የባለ ጠማማ ጣቷ ነው። ይህች ባለ መስመር ነብር የኋላ ግራ እግሯ ላይ አንዲት ጣት ወደ ውጭ ታዘነብላለች። ፋግኒ የምታውቃት ዱካዋ ገና ሎሚ ከማከሉ በፊት ጀምሮ ነው። ነብሯ አድጋ መጀመሪያ የወለደቻቸውን ሁለት ግልገሎች ከሌላ ሸለቆ የመጣ ባዕድ ወንድ ጨረሳቸው፤ ፋግኒ ያን ሰሞን እህል አልቀመሰችም። አሁን ሌሎች ሦስት አሏት፤ አምስት ወር ሆኗቸዋል።

የፋግኒ ወገን፣ የባይጋ ሕዝብ፣ የነብር ዱካ አይረግጥም። ዱካው መንገዱን ሞልቶት እንደሆነ እሾህ ውስጥም ቢሆን ገብቶ ይዞራል፤ እናት ልጇን አንጠልጥላ ታሻግራለች። ነብርና ባይጋ ከአንድ ማኅፀን ወጡ ነው የሚባለው፤ ስለዚህ ጫካ ውስጥ ስሟ አይጠራም፣ "እትዬ" ነው የምትባለው። አሁን አቧራው ላይ ያለው እግር ግን ሳያይ ያለፈ ሰው እግር አይደለም። ተረከዙን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ዱካው መሃል ተክሎታል። ትንሿ ጣት ደግሞ የለችም።

ያቺን ጣት መጥረቢያ ሲበላት ቁስሉን ከሳሪዋ ጠርዝ ቀድዳ ያሰረችው ፋግኒ ራሷ ናት። እግሩ የታናሽ ወንድሟ የላምቱ ነው።

"ምን አየሽ?" አለ ቴክቻንድ ከኋላዋ። የጫካው የነብር ጥበቃ አዛዥ ነው፤ ሆዱ ትንሽ ገፋ ያለ፣ ወሬ የሚወድ፣ ልቡ ግን ክፉ ያልሆነ ሰው። የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ብሎ ነበር።

ፋግኒ በመጥረጊያዋ አንድ ጊዜ ጠረግ አደረገችው። እጇ ነው ያደረገው፤ ልቧ አልደረሰበትም።

"እትዬ ሌሊት ወጥታ ወደ ምሥራቅ ሄዳለች፤ ብቻዋን። ጠግባለች፣ አረማመዷ ከባድ ነው።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም ጋሼ።"

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለ አቧራው ስትዋሽ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ላምቱን ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ጡት አልጣለም፣ ፋግኒም ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ግንባሯን ስትነቀስ ጀርባዋ ላይ ታዝሎ ከእሷ በላይ አለቀሰ እያለ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይስቃል። መንደራቸው ያኔ ከጫካው እምብርት ነበር። ለነብሩ ቦታ ልቀቁ ተብለው ወደ ዳር ሲወጡ አባታቸው ቡድዋ፣ መድኃኒተኛውና ዱካ አንባቢው፣ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሞተ። ዕውቀቱን ለፋግኒ ትቶላት ሄደ፤ ለላምቱ ያተረፈለት ሜዳውን ነው።

ባይጋ ደግሞ ጥንት አያርስም ነበር። የምድርን ጡት በማረሻ መቅደድ ነውር ነው ብሎ፣ አመድ ላይ ዘር እየበተነ የኖረ ሕዝብ ነው። ላምቱ ሜዳ ላይ ሲጣል ግን በሬ መያዝ፣ ሞፈር መጨበጥ ግድ ሆነበት። ጎረቤቶቹ እየሳቁበት ተማረ። ሁለት በሬ ለማፍራት አሥር ዓመት ፈጀበት። ዝናቡ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ከትናንት ማታ ጀምሮ አንደኛው በሬ ከቤት አልገባም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ደረሰበት። አንድ በሬ ብቻውን ምን ያርሳል?

ፋግኒ ይህን ሁሉ ከዚያች ከረገጠች እግር አንብባለች። በሬውን እትዬ በልታዋለች፤ እሱም ሲነጋ ፍለጋ ወጥቶ ዱካዋን አይቶ በንዴት ጨፈለቀው። ንዴት ነው፣ ይበርድለታል ብላ አሰበች። ኃጢአቱ በሰው ዘንድ እንዳይታወቅበት ጠረገችለት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የፋግኒ ዝምታ ግን ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ነቀዘ።

ከሰዓት በኋላ ልትደለድል ስትመለስ አቧራው ላይ አዲስ ነገር ነበር። ጠማማዋ ጣት ከምሥራቅ ተመልሳለች። ከኋላዋ ሦስት ትናንሽ ዱካዎች እየተደናቀፉ፣ አንዱ የአንዱን እየረገጠ፣ ወደ ጅረቱ ወርደዋል። እናት ግዳይዋን ልታበላ ልጆቿን ይዛ መጥታለች።

"ዛሬ ግብዣ አለ ማለት ነው" አለ አብሯት የመጣው ቴክቻንድ።

ፋግኒ ዞር ብላ አየች። ከመንገዱ ዳር አንድ ቁራ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ሄዶ፣ ክንፉን ዘርግቶ በግንባሩ ተደፋ። አነሳችው። አፉ አረፋ ደፍቋል።

ከዚያ በኋላ ሮጠች። ቴክቻንድ "ቀስ፣ ቀስ በይ እንጂ!" እያለ ተከተላት። ሦስት መቶ እርምጃ ያህል የወፍ ቆሎውን ቁጥቋጦ እየጣሰች ገባችና ቀርከሃው ሥር ደረሰች። በሬው በጎኑ ተጋድሟል፤ ቀንዱ ላይ ላምቱ ለበዓል የቀባው ሰማያዊ ቀለም ገና አለ። ነብር እንደ ልማዷ ከመቀመጫው ጀምራ በልታዋለች፤ የፊት እግሮቹን ቦታ የቀርከሃ ቅጠል ሸፍኖታል። ዙሪያውን ግን ሌላ ሁለት ቁራና አንድ ቀበሮ ሞተው ወድቀዋል። ሥጋው ላይ ያረፉት ዝንቦች አይነሱም፤ እንደ ጥቁር ጤፍ ፈሰዋል። ከሥጋው የሩዝ ተባይ የሚገደልበት መድኃኒት ሽታ ይወጣል።

ቴክቻንድ አፉን በእጁ ያዘ። "ማን ነው ይህን ያደረገ?"

"ጋሼ፣ ስለ ማንነቱ ኋላ። ግልገሎቹ እዚህ ናቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመጣሉ።"

ቴክቻንድ ሬዲዮኑን ሞከረ፤ ከሸለቆው ውስጥ አይሠራም። ኮረብታው ላይ መውጣት ግማሽ ሰዓት ነው፤ ትራክተሩ ከሰፈር እስኪደርስ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። በሬውን ሁለት ሰው አይጎትተውም። በዚያ ደረቅ ግንቦት እሳት ቢለኮስ ኮረብታው ሁሉ ይነድዳል።

"እርስዎ ይሂዱ። እኔ እጠብቃለሁ።"

"አብደሻል? ግዳይ አጠገብ መቆም ክልክል ነው! ደንቡን ታውቂዋለሽ።"

"ደንቡ መርዝ ስለሚያበሉት ግልገል ምን ይላል?"

"ፋግኒ፣ ልጆች ይዛለች እኮ። ቦጫጭቃ ትጥልሻለች።"

"እንግዲያው ይፍጠኑልኛ! በዚህ ሆድዎ ኮረብታውን እስኪወጡ እኔ አርጅቼ እሞታለሁ።"

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። ዛሬ ዞሮ ሮጠ።

ፋግኒ በበድኑና በጅረቱ መካከል ቆመች። ነብር የሰው ድምፅ ካልተቋረጠ ትታገሣለች፤ ዝምታ ሲሆን ነው የምትመጣው። አባቷ እንዲህ ነበር የሚላት። ስለዚህ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማውራት ጀመረች።

"እትዬ! እኔ ነኝ፣ ጠራጊዋ። ማልዳ ዱካሽን የምትለቅመው። ዛሬ ይህ ምሳ ይቅርብሽ። ልጆችሽን ይዘሽ ሂጂ፤ እላይኛው ሜዳ ላይ አጋዘን ሞልቷል፣ ደክመሽ እንደሆነ አሳማ አለ…"

አፏ ደረቀ። በቅል የያዘችውን አጥሚት ጎንጨት አለችና ቀጠለች። ዛፍ ላይ ያሉት ጦጣዎች በድንገት ዝም አሉ። ከጅረቱ ማዶ ነጠብጣብ ያለባቸው አጋዘኖች በቀጭኑ ጮኹ። ፋግኒ ብዙም አልደነገጠች፤ እነሱ ቅጠል ቢወድቅም ይጮኻሉ። የምትፈራው ሳምባርን ነው፤ ያ ትልቁ ጥቁር አጋዘን በዓይኑ ያላየውን አይመሰክርም።

"አንቺ እብድ!" አለ ድምፅ ከላይ። "ከዚያ ጥፊ!"

ላምቱ ነበር። ቀርከሃው አጠገብ ያለው ዛፍ ላይ ጉች ብሏል። ነብሯ ስትወድቅ በዓይኑ ሊያያት ከቀትር ጀምሮ እዚያ ተቀምጧል።

"ውረድ" አለችው።

"እታለም፣ ትመጣብሻለች!"

"ውረድ አልኩህ! ጠዋት እግርህን አይቼዋለሁ።"

ወረደ። ዓይኑ ደም ለብሷል። "በሬዬን በላችው እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም! አንቺም የእሷ ነሽ። ሰው ሁሉ የእሷ ነው። ለእሷ ተብሎ ከአገሬ ወጣሁ። እረስ ተባልኩ፤ አረስኩ። ይኸው ደግሞ የማርስበትን በላችው። የእኔስ ማነው?"

ፋግኒ አንድ እርምጃ ቀረበችው። እውነት አለው፤ እውነት ስላለው ነው የተናደደችበት።

"እኔ ነኝ የአንተ" አለች። "ዱካህን ጠርጌልሃለሁ። ለአባታችን እንኳ የማላደርገውን። ያን ባላደርግ ኖሮ ቴክቻንድ ጠዋቱን ያገኝህ ነበር፤ መርዙንም አታመጣም ነበር። አሁን ይህች እናት ከነልጆቿ ብትሞት በአንተ ብቻ አይደለም፤ በእኔም ነው።"

ላምቱ አፉን ሊከፍት ሲል ከታች፣ ጅረቱ ከሚጠራቀምበት ኩሬ፣ እንደ ተሰነጠቀ ጥሩንባ ያለ ድምፅ ተሰማ። አንድ ጊዜ። ደግሞ አንድ ጊዜ። ሳምባር ነው።

የላምቱ ፊት አመድ መሰለ። "ኩሬው…" አለ።

"ኩሬው ምን?"

"ጠባቂዎች በሬውን ቢያገኙት ብዬ… አንዱን የፊት ቅልጥም ቆርጬ ኩሬው ዳር አስቀምጫለሁ። እሱም ተነክሯል።"

ፋግኒ ልትመታው እጇን አነሳች፤ ጊዜ ስላልነበረ ተወችው። መጥረጊያዋን እጁ ላይ ጣለችለት።

"እዚህ ቁም። እኔ ከኩሬው ከመለስኳት ወደዚህ ነው የምትመጣው። ዝም እንዳትል። ዝም ካልክ ትመጣለች።"

"ምን እላለሁ?"

"ስደባት። ስድብ መቼ ጠፍቶህ ያውቃል!"

ኩሬው መቶ እርምጃ አይሞላም። ፋግኒ እየተናገረች፣ እየቀጠነ በሚሄድ ድምፅ እየተናገረች ወረደች። ነብሯ ማዶ ውኃው ውስጥ ግማሽ ሰውነቷን ነክራ ተኝታለች። ሁለቱ ግልገሎች አጠገቧ ይጠጣሉ። ሦስተኛው ግን ኩሬውን ዞሮ ወዲህ መጥቷል፤ ቅልጥሙ አጠገብ ደርሷል። ቀና ብሎ ፋግኒን አያት። አፉ ረጥቧል። በውኃ ይሁን በሥጋው አላወቀችም።

"እትዬ" አለች። "ልጅሽን አልነካውም። ይህን ብቻ ልውሰድ።"

ላምቱ ቅልጥሙን የጎተተበት ገመድ ገና ከሰኮናው ጋር ታስሯል። አጎንብሳ ጫፉን ያዘች። ሳበችው። ግልገሉ ሸሸት አለና አስነጠሰ።

ውኃው ፈነዳ። እናቲቱ በሁለት ዝላይ ኩሬውን አቋርጣ መጣች፤ ጆሮዋ ተለጥፎ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ምድሩ ከእግር በታች እስኪንቀጠቀጥ እያገሳች። ፋግኒ ጀርባዋን አልሰጠችም። ሮጣ የዳነ ሰው እንደሌለ ታውቃለች። እግሯ ቢታዘዛት ኖሮ ግን ትሮጥ ነበር፤ ይህን ኋላ ራሷ ነው የተናገረችው። ነብሯ አምስት እርምጃ ሲቀራት ቀጥ አለች። የረጨችው ውኃ የፋግኒን ፊት አረጠበው። የነብሯ ትንፋሽ ይሸታታል።

"እኔ ነኝ" አለች ፋግኒ በሹክሹክታ። "ጠራጊዋ።"

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ገመዱ ተሳበ። ሌላ አንድ እርምጃ። ነብሯ ግልገሉን በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ ከኋላዋ አስገባችው፤ ዓይኗን ግን ከፋግኒ አልነቀለችም። የወፍ ቆሎው እስኪጋርዳቸው ድረስ እንዲህ ተያዩ።

ከላይ የላምቱ ድምፅ ይሰማል። "አንቺ ሌባ! የሌባ ዘር! አሥር ዓመት የለፋሁበትን! ሆድሽ ይቀደድ! ነይ እስቲ፣ ነይ ብዬሻለሁ!" እያለ ጫካውን ያናጋዋል። ፋግኒ ቅልጥሙን እየጎተተች ስትቃረብ ግን ስድቡ አልቆበት ነበር። መጥረጊያውን እንደ ጦር ይዞ፣ በለቅሶ ድምፅ "እትዬ፣ አትምጪ። እትዬ፣ እባክሽ አትምጪ" ይላል።

ትራክተሩ ሲመጣ ፀሐይ ገብታ ነበር። በሬውን፣ ቅልጥሙን፣ ቁራዎቹንና ቀበሮውን ተጎታቹ ላይ ጫኑ። ከዚያ ቴክቻንድ ባትሪውን መሬት ላይ አበራ፤ በድኑን የከበበውን የእግር ብዛት አየ፤ ላምቱንም አየው። ዘንድሮ ዝናብ ሳይጥል ሰው እንደሚታሰር ገብቶታል። ሳቁ ሁሉ ጠፍቶ "ፋግኒ፣ አንብቢው" አላት።

ማድረግ የምትችለውን ላምቱም ያውቃል። ትራክተሩ አፈሩን ፈንቅሎታል፤ አላውቅም ብትል ማንም አያሸንፋትም።

"ጋሼ፣ ጠዋት ዋሽቼዎታለሁ" አለች። "ይህ እግር ትንሿ ጣት የለውም። ማልዶ መጥቶ የእትዬን ዱካ ረግጧል፤ እኔ ጠርጌዋለሁ። ቀትር ላይ ተመልሶ መጥቷል። መርዙን ያደረገው እሱ ነው። ወንድሜ ነው።"

ላምቱ አቀረቀረ። ቴክቻንድ ደብተሩን አውጥቶ ደስ ሳይለው ጻፈ። ሊዘጋው ሲል ፋግኒ እጁን ያዘችው።

"አልጨረስኩም። ያንኑ እግር እዚህ ይዩት። ተረከዙ እስኪቀበር ቆሟል። ከሳምባሩ ጩኸት ጀምሮ እናንተ እስክትመጡ። መንገዱ ክፍት ነበር፤ አልሸሸም። እሷንም ከበድኑ የመለሳት ድምፁ ነው። ይህንንም ይጻፉት።"

"ይህ እንኳ…"

"ይጻፉት! አቧራው ሁለቱንም ይዟል።"

ጻፈው።

ፋግኒ ያን ምሽት ወደ ቤቷ ከመግባቷ በፊት በቴክቻንድ ባትሪ መንገዱን ደለደለች። ሥራው ነገ የእሷ ይሁን አይሁን አታውቅም፤ ዱካ አጥፍታለችና። የምታስበው ግን ያን አልነበረም። ያ የረጠበ አፍ ከዓይኗ አልጠፋም።

ጎህ ሲቀድ አቧራው ዳር ተቀመጠች፤ ለማየት ፈራች። ከዚያ አየች። ጠማማዋ ጣት አልፋለች። ከኋላዋ አንድ ግልገል። ሁለት። ፋግኒ እስከ መጨረሻው ሄዳ ተመለሰች። ሁለት ብቻ። ልቧ ወረደ። እንደገና በጉልበቷ ሄደች። አሥራ አምስተኛው እርምጃ ላይ፣ ከመንገዱ ጠርዝ፣ ሌላው ዱካ ወጣ፤ እንቁራሪት ሲያባርር የቆየ ይመስላል፣ ዘሎ፣ ዞሮ፣ ወድቆ፣ ከዚያ እናቱን ለመድረስ በሩጫ። ፋግኒ መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ቴክቻንድ ላምቱን ይዞ መጣ። ከተማ የሚወስደው መኪና ከመንገዱ ጫፍ ይጠብቃል። ላምቱ ሌሊቱን እንዳልተኛ ያስታውቃል።

"ስንት?" አላት፤ ሌላ ሰላምታ የለም።

"ራስህ ቁጠር።"

ቆጠረ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ሦስት ድረስ ቆጠረ። ዱካው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ላምቱ ቆም አለ። ከዚያ በባዶ እግሩ ወደ ወፍ ቆሎው ገባ፤ እሾሁ ባቱን እየሸነተረው ዙሪያውን ዞሮ ማዶ ብቅ አለ። ቴክቻንድም ከኋላው ዞረ።

ከሰዓት በኋላ ፋግኒ እንደ ወትሮው መንገዱን ደለደለች። ከዳር ያለችውን፣ ወደ እሾሁ የታጠፈችውን፣ ትንሿ ጣት የሌላትን እግር ግን አልነካቻትም። ዝናቡ እስኪገባ እዚያው ነበረች።